አልጠፋም ያለች መብራት

ስለ ጨለማ አቤት የሚል ሰው በአገራችን ሰሚ አጥቶ አያውቅም። «መብራት ጠፋብኝ» ያለ ሁሉ ከጎረቤት ሻማ፥ ከዘመድ ማጽናኛ፥ ከሚመለከተውም መሥሪያ ቤት «በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ቃል ያገኛል፤ ጨለማ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ ጠባዩ የታወቀ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ለሚቀርብ ክስ ምስክር አይቈጠርም። «መብራት አልጠፋ አለኝ» ብሎ የሚጮኸውን ሰው ግን የትኛው ዳኛ ተቀብሎ በየትኛው አንቀጽ ይፈርድለታል? ይህን የምጠይቀው ፈላስፋ ሆኜ አይደለም፤ ዘመኔን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ፥ ከጡረታ በኋላ በሐዋሳ ከታቦር ተራራ ግርጌ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ፤ ጥያቄውንም ያመጣችብኝ ቮልሴ ናት።

ቮልስን የማያውቅ አንባቢ በኢትዮጵያ ይኖራል ብዬ አልጠረጥርም፤ ቢኖር ግን፥ ሞተሯን ከኋላ፥ የዕቃ መያዣዋን ከፊት፥ ባትሪዋን ደግሞ አሮጊት ገንዘቧን እንደምትሸሽግ ከኋላ መቀመጫ ሥር አድርገው ጀርመኖች የፈጠሯት፥ ከ21 ሚሊዮን የሚበልጡ እኅቶቿም በዓለም ሁሉ ከተበተኑ በኋላ የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ የወጣች መኪና መሆኗን ይወቅልኝ። የኔዪቱ በ1960 ዓ.ም. የተሠራች ናት፤ ታላላቆቿ አብዛኞቹ በ6 ቮልት ሲተዳደሩ እርሷ በ12 ቮልት ለመተዳደር የታደለች፥ በዕድሜም ለከተማችን ታናሽ እኅት የምትሆን ናት፤ ሐዋሳ የተቈረቈረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነውና። ልዩነታቸው ከተማይቱ ዓመት በመጣ ቍጥር አዲስ አስፋልትና አዲስ ፎቅ ስትለብስ፥ ቮልሴ ያንኑ ቀለሟን ይዛ መቅረቷ ብቻ ነው።

ነሐሴ 7 ቀን ማታ፥ ከቀትር በኋላ የጀመረው ዝናብ ገና ሳያባራ፥ የሠፈራችን መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። እኔ ሻማ ፍለጋ ስዳብስ ባለቤቴ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ «መኪናህ ውስጥ ሰው አለ» አለችኝ። ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። በቮልሴ ውስጥ ከሁለት ዝንቦች በቀር ሕያው ነገር አልነበረም፤ ከሾፌሩ በር በላይ ያለችው፥ ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማትበልጠው የውስጥ መብራት ግን በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ቦግ ብላ በርታ፥ መሪውንም መቀመጫውንም በመስታወቱ የተጠጋውን የኔን የደነገጠ ፊትም በወርቅ ቀለም ትቀባ ነበር። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት፤ አልጠፋችም። ደግሜ በኃይል ወረወርሁት፤ ጠፋች። ወደ ቤት ልገባ ጀርባዬን ሳዞር በራች።

በማግሥቱ ነገሩን ለጎረቤቶቼ ባዋያቸው እንደ ችግር የተቀበለኝ አንድም አልተገኘም። ከአጥር ማዶ ያሉት እናት፥ አጥራችን አጭር ነውና፥ «መምህር፥ ትናንት ማታ እኮ ምስሬን በርስዎ መብራት ለቅሜ ጨረስሁ፤ እግዜር ብርሃንዎን ያብዛልዎ» ብለው መረቁኝ። የሠፈሩ ዘበኛ፥ ሌባ መኪናው ውስጥ ሰው ያለ እየመሰለው ስለሚሸሽ እርሱም ሌሊቱን ጥቂት ማሸለብ መቻሉን በምስጋና ገለጠልኝ። ድጓውን ከነምልክቱ በቃላቸው የያዙት ጎረቤቴ መሪጌታ ደግሞ ጉዳዩን ከወቅቱ ጋር አስማምተው፥ በዓለ ደብረ ታቦር ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ያውም በታቦር ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው፥ ሳይለኵሰው የበራ ብርሃን ቢገለጥለት ከማመስገን በቀር ምን ይጠበቅበታል ሲሉ ጠየቁኝ። «ሐዋርያት» አሉኝ ዐይናቸው እየሳቀ «ብርሃነ መለኮቱን ባዩ ጊዜ በግንባራቸው ወደቁ እንጂ ባትሪያችን አለቀብን አላሉም።»

ባትሪው ግን ማለቁ አልቀረም። አምፖሏ የ10 ዋት ናት፤ 10ን ለ12 ቮልት ብናካፍል 0.83 አምፔር ይሆናል፤ ባትሪዬ በላዩ እንደ ተጻፈው 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ይህችን አምፖል 54 ሰዓት ያህል፥ ማለት ሁለት መዓልትና ሁለት ሌሊት ከዚያም በላይ ሊያበራ ይገባው ነበር። ይህ በወረቀት ነው። ባትሪውም እንደ ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ስለ ሆነ፥ በአንዲት ሌሊት ከያዘው አብዛኛውን መጽውቶ አድሮ፥ ጧት ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ ከሞተሪኖው አንዲት «ጣ» የምትል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ከዚያም ወዲያ ማታ ማታ መቀመጫውን እያነሣሁ የባትሪውን ገመድ መፍታት ጀመርሁ፤ በመጀመሪያይቱ ማታ መንገዱ ሲጨልም ከአጥር ማዶ የመጣው ድምፅ «ምነው መምህር፥ በምን አስቀየምንዎ?» የሚል ነበር።

በዚህ ላይ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ በመብራቷ ጎን ያለችውን ትንሽ ማጥፊያ እንድነካ ነገረኝ፤ እርሷ ግን ከኔ በፊት በነበሩት ባለቤት ዘመን ተሰብራ፥ በር ሲከፈት ብቻ በሚያበራው ቦታ ላይ እንደ ደረቀች ቀርታለች። ሌላው አምፖሏን ነቅዬ ኪሴ እንድከት መከረኝ። መልካም ምክር ነው፤ ነገር ግን አርባ ዓመት ያህል ተማሪዎችን «ጥያቄውን መሰረዝ መልስ አይደለም» እያልሁ በቀይ እስክሪብቶ ስቀጣ የኖርሁ ሰው፥ በስተርጅና ጥያቄውን ነቅሎ ኪሱ ቢከት ምን ይባላል?

እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝና የነገሩን አሠራር ልግለጥ። ሐይቃችን፥ ሁሉም እንደሚያውቀው፥ ጥቁር ውሃን የመሰለ ወንዝ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይቀበላል እንጂ በገሃድ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ የገባው ውሃ በዚያው ይንጣለላል፥ ዓሣውን ያረባል፥ አባ ኮዳዎቹም በአሞራ ገደል ዳርቻ እንደ ምክር ቤት ሽማግሌ ራሳቸውን አቀርቅረው ይቆሙበታል። ኮረንቲ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መመለሻ መንገድ ካልተዘጋጀለት በቀር ከቤቱ አንዲት ጋት እንኳ አይወጣም። ከባትሪው አንዱ ጫፍ ተነሥቶ፥ በፊውዝ አልፎ፥ አምፖሏን አብርቶ፥ ወደ ባትሪው ሁለተኛ ጫፍ የሚመለሰው በመኪናይቱ ገላ፥ ማለት በላሜራው በኩል ነው። በበሩ መቃን ላይ የተተከለችው ትንሽ ስዊች ሥራዋ ይህን መመለሻ መክፈትና መዝጋት ነው፤ በሩ ሲከፈት ሽቦውን ከላሜራው ታገናኘዋለች፥ በሩ ሲዘጋ ትለየዋለች።

እንግዲህ ሾርት የምንለው ነገር፥ ኮረንቲው ከታዘዘለት ቦታ ሳይደርስ አቋራጭ ሲያገኝ ነው፤ በዚህም ከከተማችን ባጃጆች ጠባይ ብዙ አይርቅም። ዳሩ ግን አቋራጩ ሁለት ዐይነት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ኮረንቲው አምፖሏ ዘንድ ሳይደርስ ወደ ላሜራው ቢሾልክ የሚያግደው ስለሌለ በብዙ አምፔር ይጎርፋል፤ ያን ጊዜ ፊውዙ ይቃጠላል፥ ጨለማም ይሆናል። አምፖሏን ካበራ በኋላ፥ በስዊቿ ከመድረሱ በፊት ቢሾልክ ግን አምፖሏ ራሷ ገትታ ስለምትይዘው ፊውዙ ምንም አይሰማውም፤ የሚታየው ምልክት አንድ ብቻ ነው፥ ይኸውም በሩ ተዘጋ አልተዘጋ መብራቷ አትጠፋም። የኔ ሕመም ይህ ሁለተኛው ነበር። ስለዚህ ፊውዝ እያወጡ ወደ ፀሐይ እያነሡ የተመለከቱልኝ አራት ሰዎች ሁሉ «ይህማ ደኅና ነው» ብለው መመለሳቸው የሚያስነቅፋቸው አይደለም።

የሠፈሩ ሊቃውንት ትርጓሜ እንደ አንድምታ የበዛ ነበር። አንድም የክረምቱ እርጥበት ነው፤ የፊተኛው መስታወት ጎሚኒ አርጅቶ ውሃ ያስገባልና። አንድም የሐይቁ አየር ብረት ይበላል። አንድም የቀድሞው ባለቤት ያለ ዕውቀት የነካካው ሽቦ ነው። አንድም፥ ይህን ያለው ዘበኛው ነው፥ አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ዐርፎ ኖሮ በክብደቱ ላሜራውን አጉብጦታል። ከነዚህ ሁሉ የተስማማሁት የቀድሞውን ባለቤት በሚከሰው ነበር፤ ከከተማው የሄዱ ስለ ሆኑ መልስ የመስጠት ዕድል አልነበራቸውም።

ነሐሴ 10 ቀን አንድ ኤሌክትሪክ ሠሪ ወጣት አመጣሁ። ይህ ልጅ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የላሜራ ሱቅ ተቀምጦ፥ በባጃጆች ውስጥ ሰማያዊና ቀይ መብራት በመዘርጋት ስሙ የወጣ ነው፤ በሐዋሳ ማታ ማታ እንደ ሠርግ ድንኳን አሸብርቀው፥ ዘፈናቸውን ከፍተው ከሚያልፉት ባጃጆች ጥቂት የማይባሉት የእጁ ሥራ ናቸው። ቴስተሩን፥ ካቻቢቴውን፥ ፒንሳውንና ናስትሮውን በተራ ደርድሮ፥ ገና ምንም ሳይነካ፥ እንደ ንስሐ አባት ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፥ በቅርቡ መኪናው ላይ የተሠራ፥ የተበሳ፥ የተመታ ነገር አለ?»

«የለም» አልሁ።

ከዚያ ከሁለቱም በሮች መቃን ስዊቾቹን ፈትቶ አወጣ፤ ሽቦዎቻቸውንም ነቅሎ በአየር ላይ አንጠለጠላቸው። እዚህ ላይ የልጁን ብልሃት ሳላደንቅ አላልፍም። ስዊቾቹ ተነቅለው መብራቷ ከጠፋች በደሉ የስዊቾቹ ነው፤ ተነቅለውም ከበራች ግን ስዊቾቹ ንጹሓን ናቸው፥ ሽቦው ራሱ በመንገድ አንድ ቦታ ከላሜራው ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አገባብ የጂኦሜትሪ ተማሪዎቼ በሦስት ወር አይረዱልኝም ነበር። ስዊቾቹ መሬት ላይ ተቀምጠው መብራቷ እንደ በራች ቀረች።

«ጋሼ፥ ሽቦው በዚህ በመስታወቱ ምሰሶ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ እዚህ አካባቢ የተነካ ነገር የለም?»

«የለም።»

ጣሪያው ላይ የተለበጠውን ጨርቅ መግለጥ ግድ እንደሚሆን፥ ጨርቁም ከዕድሜው የተነሣ እንደ ብራና እንደሚቀደድ ነገረኝ፤ ከቡሄ በኋላ ጊዜ ወስዶ ሊመጣ ቀጠሮ ሰጠኝ። መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ ከበሩ መለስ ብሎ «ብቻ፥ ምንም አላስበሱም?» አለኝ።

«የለም አልሁህ!»

ሦስተኛዬ መሆኑን ያወቅሁት ልጁ ከሄደ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የጎረቤት ዶሮ ባለመጮኹ ደስ አለኝ።

የቡሄ ዋዜማ፥ ነሐሴ 12 ቀን፥ ባትሪውን መፍታት ረስቼ ነበርና መኪናዬ እንደገና አልነሣ አለች። ጅራፋቸውን እያስጮኹ፥ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡት የሠፈር ልጆች በሬ ላይ ሲደርሱ፥ ሙልሙሉ ሳይታደል አስቀድመው እንዲገፉልኝ ተዋዋልን። ቮልስ ከመልካም ጠባይዋ ሁሉ የሚበልጠው ለግፊት ቶሎ መታዘዟ ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቅቀው ተንደቅድቃ ተነሣች፥ ልጆቹም እልል አሉ። ሞተሩ ባትሪውን ይሙላ ብዬ ወደ ገብርኤል አደባባይ አንድ ጊዜ ዞሬ ስመለስ ዝናብ ከሞላው ጉድጓድ ገባሁ፤ መኪናይቱ ተናጠች፥ ስንት ቀን ሙሉ አልጠፋም ያለችው መብራትም በዚያች ቅጽበት ጠፋች። በሩን ከፈትሁ፤ ጨለማ። ፊውዙን አወጣሁ፤ ነጩ ሸክላ እንደ ነበረ ነው፥ በላዩ የተዘረጋችው ቀጭን ብረት ግን ከወገቧ ተበጥሳለች።

ፊውዝ ከመኪና ክፍሎች ሁሉ ሰማዕት ሊባል የሚገባው ነው፤ ሌላው እንዳይቃጠል ራሱን አስቀድሞ ያቃጥላልና። ይህን የማይረዳ አንድ ጎረቤት ከሲጋራው ፓኬት ላይ የብር ወረቀት ቀድዶ፥ በሞተችው ፊውዝ ላይ ጠቅልሎ እንድመልሳት ሊሰጠኝ መጣ። ብዙ ሰው እንዲህ እያደረገ ይነዳል። 8 አምፔር ሲያልፍ እንዲበጠስ የተሠራውን ዘበኛ አባርሮ፥ የሚመጣውን ሁሉ በሩን ከፍቶ የሚያስገባ ወረቀት ማቆም ነው፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው፥ ከሽቦውም ጨርቁ፥ ከጨርቁም ባለመኪናው ነው። ወረቀቱን አመስግኜ መለስሁ።

የሚገርመው ግን የሰው ፊት መለወጡ ነው። መብራቷ ከጠፋች ወዲህ የማያዝንልኝ ጎረቤት አልነበረም፤ ከአጥር ማዶ ያሉት እናት «እኔን! መምህር፥ ጨለመብዎት?» እያሉ ሁለት ሻማ ላኩልኝ። በበራችበት ጊዜ የተናገርሁት ሁሉ እንደ ምቀኝነት ተቈጥሮብኝ ነበር።

ልጁ በቀጠሮው ነሐሴ 14 ቀን መጣ። መሪጌታም በረንዳችን ላይ ነበሩ፤ ባለቤቴም ስለ ጣሪያው ጨርቅ ሰግታ በመኪናው ሁለተኛ በር በኩል ቆማለች። በዚህ ጊዜ ያሳየኝ ጥበብ ከፊተኛው ይበልጣል። ያለ ቍጥር ፊውዝ ከማቃጠል ይልቅ፥ በፊውዟ ቦታ ሁለት ሽቦ የተበየደባት አንዲት አምፖል አገናኘ፤ ሾርቱ እስካለ ድረስ ይህች አምፖል ደምቃ ትበራለች፥ ሾርቱ በተላቀቀበት ቅጽበት ትደበዝዛለች ወይም ትጠፋለች። ከዚያ አምፖሏን ዳሽቦርዱ ላይ እንደ መቅረዝ አስቀምጦ፥ ዐይኑን ከእርሷ ሳይነቅል ሽቦውን ከሥር ጀምሮ ስንዝር በስንዝር እየነቀነቀ ወጣ። በሥር አልጠፋችም። በምሰሶው ወገብ አልጠፋችም። ከሾፌሩ ፊት ያለውን የፀሐይ መከላከያ ወደ ታች ሲያጥፍ ጠፋች። ወደ ላይ ሲመልሰው በራች።

«ጋሼ» አለኝ «ይህ ምንድን ነው?»

ከፀሐይ መከላከያው ኋላ፥ ሲታጠፍ እንዳይታይ ተደርጎ፥ በምሰሶው ራስ ላይ በብሎን የታሠረ ማንጠልጠያ ነበረ። አሁን መናገር ግድ ሆኗል። በአቶቴ የሚኖር፥ ሚስቱ የሞተችበት፥ እንደኔው ጡረተኛ የሆነ የድሮ ባልንጀራ አለኝ፤ እርሱም ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል ስለሚል፥ ሐኪሙ ስለ ዓሣ የተናገረው ነገር ስለሌለ፥ በአሞራ ገደልም ጧት ጧት ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣው ገና እየተንፈራገጠ ስለሚሸጥ፥ ጾመ ፍልሰታ ከገባ በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ፥ ለታማሚ ለመድረስ ስል ይዤለት ብሄድ፥ ታማሚ ብቻውን ሲበላ መመልከትም ጭካኔ መስሎ ስለ ታየኝ፥ ጉዳዩ በዚያው ቀጠለ። ውሃው መቀመጫውን እንዳያበላሽ፥ ጠረኑም ምስክር እንዳይሆንብኝ፥ ፌስታሉን የማንጠለጥልበት ነገር ቢያስፈልገኝ በገዛ እጄ ብሎን ጠመዘዝሁ። መብራቷ ከአቶቴ በተመለስሁ ማታ ሁሉ እንደምትበራ፥ የሒሳብ ሰው ነኝና፥ አስተውዬ ነበር፤ ሁለት ነገር አብሮ መከሰቱ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያስረዳም እያልሁ ራሴን አጽናናሁ እንጂ።

ልጁ ብሎኑን ፈትቶ አወጣው። ጫፉ አስቀድሞ ወደ ስዊቹ የሚሄደውን ቡናማ ሽቦ ልጦት ኖሯል፤ የፌስታሉ ክብደት ማንጠልጠያውን በሳበው ቍጥር ብረቱ እየተጫነ መብራቷን አበራት፤ በመጨረሻም በዚያ ጉድጓድ ስንናጥ ከጎኑ ያለውን፥ ከባትሪው የሚመጣውን ቀዩን ሽቦ ነከሰው። ሁለቱንም ቈርጦ ቀጠላቸው፥ በናስትሮ ጠቀለላቸው፥ አዲስ ፊውዝ አገባ። በሩ ክፍት ነበርና መብራቷ በሥርዐቷ በራች፤ በብርሃኗም ልጁ በጣቶቹ የያዘው ማንጠልጠያ አንገት ላይ፥ ደርቆ የተጣበቀ፥ እንደ ዕንቍ የሚያብረቀርቅ ነገር ታየ።

«ቅርፊት ነው፤ የዓሣ» አለ ልጁ፥ ክፋት ሳይኖርበት።

ባለቤቴ እኔን አየች። እኔ መሪጌታን አየሁ። መሪጌታ ከበረንዳው ወርደው፥ መነጽራቸውን አስተካክለው፥ ማንጠልጠያውን ከልጁ እጅ ተቀበሉና ወደ መብራቷ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ቆሮሶ ነው» አሉ በመጨረሻ፥ ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው፥ ሊያስታርቁን እንደሚፈልጉ ሰው በለሰለሰ ድምፅ። «አምባዛ ቢሆን ቅርፊት ባልኖረው። ጾሙንስ ገድፈዋል፤ ኦሪትን ግን አልተላለፉም።»

ባለቤቴ አንዲት ቃል ሳትመልስ የመኪናውን በር ዘጋችው፤ መብራቷም ወዲያው ጠፋች።